የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ባለሥልጣንን ከተጠያቂነት ነፃ ያወጣል?

ቱሉ ዲምቱ ባለው እድራችን የኮሮና ጊዜ በተነሳ ቁጥር «ያኔ አዋጅ ነበር፤ ማንም አይጠየቅም» የሚል ክርክር ስለሚደጋገም፣ ነጥቡን ባስረዳ መልካም መሰለኝ።

መጋቢት 30 ቀን 2012 ዓ.ም. የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መሠረቱ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 ሲሆን፣ ይህ አንቀጽ በወረርሽኝ ጊዜ አንዳንድ መብቶችን ለመገደብ ቢፈቅድም፣ ኢሰብአዊ አያያዝን የሚከለክለውን አንቀጽ 18 ግን መንካት አይፈቅድም። ያኔ ሚኒባሶች ሰው ቀንሰው እንዲጭኑ ታዝዞ ነበር፤ ትርፍ የጫነ ረዳት መቀጣቱ ሕጋዊ ነው፣ ረዳቱን አውርዶ በዱላ ለደበደበው ሰው ግን አዋጁ ከለላ አይሆነውም። እንዲያውም አንቀጽ 93 የሚያቋቁመው መርማሪ ቦርድ ኢሰብአዊ ድርጊት የፈጸሙ ሰዎች ለፍርድ እንዲቀርቡ የማድረግ ሥልጣን አለው።

ይህ እርግጠኛው ነው። እንደየጉዳዩ የሚለያየው የዘገየ ወይም የተሳሳተ ውሳኔ ነው፤ ወንጀል ይሁን የአስተዳደር ጥፋት የሚለየው በማስረጃ ነው። እኛ የከተማው ዳር ነዋሪዎች ቢጫ ጀሪካን ደርድረን ውሃ እየጠበቅን «እጃችሁን ታጠቡ» ስንባል የተሰማን ቁጣ፣ በእኔ እምነት፣ ተገቢ ነበር። እንዲህ ያለው ቅሬታ ለክስ ባይበቃም እንኳ፣ አንቀጽ 12 ኃላፊነቱን ያጓደለ ኃላፊ ተጠያቂ እንደሚሆን፣ ሕዝብም እምነት ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው ማንሳት እንደሚችል ይደነግጋል።