የኤላይዛ ተጽዕኖ ምንድን ነው?

ጸሐፊዋ ከሰው ጋር በጽሑፍ የሚያወራው የኮምፒውተር ፕሮግራም ሲሠራ ለወራት ስታይ ከርማለች። አለቃዋ፣ በአሜሪካው ኤም አይ ቲ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ሳይንቲስት የነበሩት ጆሴፍ ዋይዘንባም፣ ምን እየሠሩ እንደሆነ ጠንቅቃ ታውቃለች። አንድ ቀን እሷም ለመሞከር ተቀመጠች። ከማሽኑ ጋር ጥቂት እንደተጻጻፈች ግን ዞር ብላ አለቃዋን ከክፍሉ እንዲወጡላት ጠየቀቻቸው። ወሬው የግሏ ሆኗል።

ፕሮግራሙ ኤላይዛ ይባላል። ዋይዘንባም ስለ እሱ ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። እንደ ሥነ ልቦና አማካሪ ጥያቄ እየጠየቀ ያወራል፤ አሠራሩ ግን በጣም ቀላል ነው። ከተጻፈለት ዐረፍተ ነገር ቁልፍ ቃል ይፈልጋል። «እናቴ» የሚል ካገኘ «እስቲ ስለ ቤተሰብሽ ንገሪኝ» ይላል። «እኔ»ን ወደ «አንቺ» ይለውጥና የሰውን ቃል መልሶ ለራሱ ያቀርብለታል። የሚይዘው ቃል ካጣ «ቀጥዪ» ይላል። እናት ምን እንደሆነች አያውቅም።

ማሽን ቃል ስለመለሰልን ብቻ የሚያስብና የሚሰማው አድርገን መቀበላችን ከዚያ ወዲህ በዚህ ፕሮግራም ስም «የኤላይዛ ተጽዕኖ» ይባላል። እኔን የሚገርመኝ ጸሐፊዋ አለመታለሏ ነው። ማሽን መሆኑን እያወቀች ነው አለቃዋን ያስወጣችው።

ነገሩ በእሷ አያበቃም። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ክሊፎርድ ናስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች ከአንድ ኮምፒውተር ጋር ከሠሩ በኋላ ስለ ብቃቱ አስተያየት ተጠየቁ። የጠየቃቸው ያው ኮምፒውተር ሲሆን ለስለስ አድርገው መለሱ። በሌላ ኮምፒውተር ወይም በወረቀት የተጠየቁት ግን የበለጠ ተቹት። ይህን እኛ ይሉኝታ እንለዋለን።

ዋይዘንባም ባዩት ነገር ደነገጡ። አንዳንድ የአእምሮ ሐኪሞች እንዲህ ያለ ፕሮግራም ወደፊት ሕሙማንን ሊያክም ይችላል ብለው ተስፋ ሲያደርጉ፣ እሳቸው ለኮምፒውተር ፈጽሞ ሊሰጥ የማይገባ ሥራ አለ እያሉ እ.ኤ.አ. በ2008 እስኪሞቱ ድረስ ተከራከሩ። እኔም በዚህ ከእሳቸው ጋር ነኝ።

ማሽኖቹ አማርኛ መጻፍ ከጀመሩ ወዲህ ደግሞ ነገሩ በእኛ ላይ የሚበረታ ይመስለኛል። ቋንቋችን አንድን ነገር ሰው ሳያደርግ ማናገር አይፈቅድልንም። ገና «ንገረኝ» ወይም «ንገሪኝ» ስንል ወንድ ወይም ሴት አድርገነዋል፤ «ይንገሩኝ» ካልን አንቱ ብለነዋል። ማሽኑም በበኩሉ «ይገባኛል» ይላል፣ «አዝናለሁ» ይላል፣ «አይዞሽ» ይላል። «አይዞሽ» ለቅሶ ቤትና የታማሚ አልጋ አጠገብ የምንሰማው፣ አለሁልሽ የሚል ቃል ነው። ሰው አገር ሆና፣ ቤተሰቧ በተኛበት ሌሊት ለስልኳ የሆዷን የምትጽፍ እህት ይህን ቃል ስታነብ እንባዋ ለምን እንደሚመጣ ይገባኛል። ሞኝ ናት ማለት አይገባም። የዋይዘንባም ጸሐፊም ሞኝ አልነበረችም።

የዛሬዎቹ ማሽኖች እንደ ኤላይዛ ቁልፍ ቃል እያደኑ አይሠሩም። ሰዎች ከጻፉት እጅግ ብዙ ጽሑፍ ተምረው ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቃል ይገምታሉ። ያንን «አይዞሽ» ያገኙትም አንዱ ሰው ለሌላው ከጻፈው ነው።