ፕሮግረሲቭ ሮክ ምንድን ነው? የፒኤፍኤም አልበሞች እንደሚያስረዱት

ፕሮግረሲቭ ሮክ በፈረንጆቹ 1960ዎቹ መጨረሻ እንግሊዝ ውስጥ የተወለደ የሮክ ዘርፍ ነው። የሦስት ደቂቃውን ዘፈን ትቶ ስምንትም አሥርም ደቂቃ ይሄዳል፤ መሀል ላይ ምቱንና ፍጥነቱን ይቀያይራል፤ ከጊታርና ከድራም ጎን ፍሉት፣ ቫዮሊን፣ ፒያኖና ሲንተሳይዘር (ድምፅን በኤሌክትሪክ የሚፈጥር ኪቦርድ) ያሰልፋል። ይህን ያህሉን ማንም ይነግራችኋል። ሙዚቃው ከውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ለመረዳት ግን አንድ ባንድ ይዞ ከአልበም አልበም መከተል ይሻላል። እኛ የመረጥነው ከሚላኖ የተነሣውን ፕሪሚያታ ፎርኔሪያ ማርኮኒን፣ በአጭሩ ፒኤፍኤምን ነው። ምክንያቱም የዚህ ባንድ ድምፅ በተለወጠ ቁጥር ከለውጡ ጀርባ አንድ ጥያቄ ይገኛል፦ ማን ይዝፈን፣ በየትኛው ቋንቋ?

ጊታሪስቱ ፍራንኮ ሙሲዳ፣ ኪቦርዲስቱ ፍላቪዮ ፕሬሞሊ፣ ድራመሩ ፍራንዝ ዲ ቾቾ እና ቤዚስቱ ጆርጆ ፒያሳ ቀድሞ ክዌሊ በሚባል ባንድ ውስጥ ሆነው ስቱዲዮ ውስጥ ሌሎች ድምፃውያንን ሲያጅቡ የኖሩ ናቸው። ቫዮሊንና ፍሉት የሚጫወተው ማውሮ ፓጋኒ ሲጨመርበት ፒኤፍኤም ሆነ። ስሙ ብሬሻ አጠገብ በምትገኘው በኪያሪ ከተማ ከነበረ ዳቦ ቤት የመጣ ነው። አምስቱም የተሰጣቸውን ኖታ ሁሉ የሚጫወቱ ባለሙያዎች ሲሆኑ፣ የጎደላቸው ዋና ድምፃዊ ብቻ ነበር። እየተቀባበሉ ለስላሳ አድርገው ይዘፍናሉ እንጂ መድረኩን በድምፁ የሚሞላ ሰው በመካከላቸው አልነበረም።

በ1972 መጀመሪያ የወጣው የበኩር አልበማቸው ስቶሪያ ዲ ኡን ሚኑቶ ይህን ጉድለት ወደ ውበት ለወጠው። «ኢምፕሬሲዮኒ ዲ ሴተምብሬ» የተባለውን ዘፈን አድምጡ። ስንኙ ዝግ ባለ ድምፅ፣ በአኩስቲክ ጊታር ታጅቦ ይሄዳል። አዝማቹ ላይ ስትደርሱ ቃል የለም፤ ሰው ዝም ይልና ሙግ ሲንተሳይዘር ዜማውን ይረከባል። የዘመኑ ሙግ በአንድ ጊዜ አንድ ኖታ ብቻ ነበር የሚያወጣው፤ ኮርድ መያዝ አይችልም። ስለዚህ እንደ ድምፃዊ አንድ ዜማ ብቻውን ተሸክሞ እንዲወጣ ተደረገ። ከሥሩ ያለውን ሰፊ ድምፅ የሚሞላው ደግሞ ሜሎትሮን ነው።

ሜሎትሮን የዚህ ሙዚቃ መለያ ስለሆነ ቆም ብለን እንየው። ኤም 400 የሚባለው ሞዴል 35 ቁልፎች አሉት። በእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር የቫዮሊን፣ የፍሉት ወይም የመዘምራን ድምፅ የተቀዳበት የቴፕ ቁራጭ አለ። ቁልፉን ስትጫኑ ቴፑ ከማንበቢያው ጋር ይገናኝና በሞተር እየተሳበ ያልፋል፤ ስትለቁት ስፕሪንግ ወደ መነሻው ይመልሰዋል። ቴፑ የሚበቃው ለስምንት ሰከንድ ገደማ ነው። ከዚያ በላይ ጣታችሁን ብታቆዩ ድምፁ ይቋረጣል፤ ስለዚህ ኪቦርዲስቱ ጊዜው ሳያልቅ ኮርዱን መቀየር አለበት። በአንድ ጊዜ ብዙ ቁልፍ ከተጫነ ሞተሩ ይከብደውና ይዘገያል፤ ቅኝቱም ወደ ታች ይወርዳል። በዚያ ዘመን ቅጂዎች ውስጥ የምትሰሙት ትንሽ የሚንቀጠቀጥ፣ የሚወዛወዝ የቫዮሊን ድምፅ ምንጩ ይኸው ነው። ሙግም የራሱ ጣጣ ነበረው፤ ሙቀት በተለወጠ ቁጥር ቅኝቱ ስለሚሸሽ አስቀድሞ አብርቶ ማሞቅ፣ በየዘፈኑ መሀልም ማስተካከል ያስፈልግ ነበር።

በዚያው ዓመት መጨረሻ የመጣው ፔር ኡን አሚኮ አምስት ሥራዎች ብቻ ናቸው፤ በእኛ ግምት ባንዱ ከዚህ የበለጠ አልሠራም። መክፈቻው «አፔና ኡን ፖ» ጊታርና ፍሉት እየተመላለሱ እንደ ጥንት የቤተ መንግሥት ሙዚቃ ይጀምርና ባንዱ በሙሉ ድንገት ይገባበታል። «ጄኔራሌ» ደግሞ ግጥም የሌለው፣ ሁሉም መሣሪያዎች እየተሯሯጡ የሚጫወቱት ነው።

ቀጥሎ የእንግሊዙ ባንድ የኤመርሰን፣ ሌክ ኤንድ ፓልመር አባል ግሬግ ሌክ ፒኤፍኤምን ወደ ማንቲኮር የሙዚቃ አሳታሚ ኩባንያ አስገባቸው። ቀድሞ ኪንግ ክሪምሰን የሚባለው ባንድ ገጣሚ የነበረው ፒት ሲንፊልድ የእንግሊዝኛ ግጥም ጻፈላቸው፤ በ1973 ፎቶስ ኦፍ ጎስትስ ወጣ። አድማጭ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አልበሙ የፔር ኡን አሚኮ ትርጉም አይደለም። ግጥሞቹ አዲስ ናቸው፤ «ጄኔራሌ» እንኳ ቃል ተሰጥቶት «ሚስተር ናይን ቲል ፋይቭ» ሆኗል። ከመጀመሪያው አልበም የመጣው «ኤ ፌስታ»፣ የደቡብ ጣሊያን የታራንቴላ ጭፈራ መንፈስ ያለው ፈጣን ሥራ፣ «ሰለብሬሽን» ተብሎ የባንዱ መታወቂያ ሆነ። «ኢል ባንኬቶ» ብቻ በጣሊያንኛ ቀረ። ሁለቱን አልበሞች አከታትላችሁ ስታዳምጡ፣ ጣሊያንኛው በአናባቢ እያለቀ ከዜማው ጋር አብሮ ሲፈስ፣ እንግሊዝኛው ዜማውን ሲቆራርጠው ይሰማል። እንግሊዝኛው በር ከፈተላቸው፤ አሜሪካም ወሰዳቸው። ጣሊያንኛውን ግን አይተካም።

በ1974 ሊሶላ ዲ ኒየንቴ ወጣ፤ የእንግሊዝኛ አቻው ዘ ወርልድ ቢኬም ዘ ወርልድ ይባላል። ቤዙን ከአሬያ ባንድ የመጣው ፓትሪክ ጂቫስ ይዞታል፤ ጃዝ የገባው በእሱ እጅ ነው። የመጀመሪያው ሥራ ሲከፈት የሚሰማው መዘምራን ነው፤ ከዚያ ከባድ ጊታር ይከተላል። በዚያው ዓመት ሰሜን አሜሪካ ውስጥ የተቀዳው የመድረክ አልበም በአንድ አገር ላይቭ ኢን ዩኤስኤ፣ በሌላው ኩክ ተብሎ ተሸጧል። ሸክላ የሚሰበስብ ሰው ያስተውል፤ ሁለቱም አንድ ቅጂ ናቸው።

ከዚያ ድምፃዊ ቀጠሩ። ቸኮሌት ኪንግስ ላይ ከአኳ ፍራጂሌ ባንድ የመጣው ቤርናርዶ ላንዜቲ ይዘፍናል። ድምፁ ጠንካራ፣ የሚርገበገብ ነው፤ ግጥሙ በሙሉ እንግሊዝኛ ሆኖ አሜሪካን ይተቻል። ሙዚቃው ይበልጥ ተቀናጅቷል፤ ግን ቀድሞ ለመሣሪያ ይተው የነበረው ቦታ አሁን በሰው ድምፅ ስለተያዘ፣ የመጀመሪያዎቹ አልበሞች ትንፋሽ ቀንሷል። ፓጋኒ ሲለቅ የ1977ቱ ጄት ላግ ወደ ጃዝ ሮክ አዘነበለ፤ ቫዮሊኑን አሜሪካዊው ግሪጎሪ ብሎክ ተጫወተ። በ1978 ፓስፓርቱ ወደ ጣሊያንኛ መለሳቸው። ሁለቱም በጥሩ ሁኔታ የተጫወቱ ቢሆኑም ለመጀመሪያ አድማጭ አይመከሩም።

ማን ይዝፈን፣ በየትኛው ቋንቋ የሚለው ጥያቄ መልስ ያገኘው ከባንዱ ውጭ በመጣ ሰው ነው። ፋብሪትሲዮ ዴ አንድሬ ከጀኖቫ የወጣ ገጣሚና ዘፋኝ ነው፤ በ1970 ባወጣው ላ ቡዎና ኖቬላ ላይ እነዚሁ ሙዚቀኞች አጅበውታል። በ1978 መጨረሻና በ1979 መጀመሪያ አብረው ጣሊያንን ዞሩ፤ ከዝግጅቶቹም ሁለት የመድረክ አልበሞች፣ አንዱ በ1979 ሌላው በ1980 ወጡ። በብዙው በአንድ ጊታር ይዘፍናቸው የነበሩት ዜማዎች ሲንተሳይዘር፣ ቫዮሊንና ሙሉ ድራም ተጨመረባቸው። እሱ ግን ድምፁን አልጨመረም፤ ያው ዝቅ ያለ፣ እንደ ንባብ የረጋ ነው። «አሚኮ ፍራጂሌ» ውስጥ ግጥሙ ሲያበቃ የሙሲዳ ጊታር ተረክቦ ረጅም ይሄዳል። ቃሉ የገጣሚው፣ መሣሪያው የባንዱ፤ አንዱ የሌላውን ቦታ አይሻማም።

ከዚያ ወዲያ ድራመሩ ዲ ቾቾ ራሱ ፊት ወጥቶ መዝፈን ጀመረ። የ1980ው ሱዎናሬ ሱዎናሬ አጫጭር ዘፈኖች ናቸው፤ በሰማንያዎቹ የመጡት ወደ ተራ ሮክ ቀረቡ። ከ1987 በኋላ ረጅም ዝምታ ሆነ፤ በ1997 በኡሊሴ ተመለሱ። የ2006ቱ ስታቲ ዲማጂናሲዮኔ ያለ ግጥም ከምስል ጋር እንዲሄድ የተሠራ ነው፤ ከኋለኞቹ ሁሉ እሱን እናስቀድማለን። ሙሲዳ በ2015 ወጣ። የ2017ቱ ኢሞሽናል ታቱስ እና የ2021ዱ ኦ ሶኛቶ ፔኮሬ ኤሌትሪኬ ሁለት ሁለት ዲስክ ሆነው ነው የወጡት፤ አንዱ በጣሊያንኛ፣ አንዱ በእንግሊዝኛ። ከጣሊያንኛው ጀምሩ።