ስለ አሲዳማ አፈርና ስለ ኖራ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት 43 በመቶ ገደማ የሚሆነው በአሲዳማነት የተጠቃ መሆኑ በግብርና ምርምር ጽሑፎች ተደጋግሞ ይጠቀሳል። ወለጋንና ጎጃምን በመሰሉ ዝናብ በሚበዛባቸው ደጋና ወይና ደጋ አካባቢዎች ችግሩ የታወቀ ቢሆንም፣ ስለ መንስኤውና ስለ መፍትሔው የሚነገረው ሁሉ ትክክል አይደለም።

«መሬቱ ማዳበሪያ ስለለመደ ነው፤ መጠኑ ቢጨመርለት ያበቅላል።»

አፈር ማዳበሪያ አይለምድም። የአፈሩ ፒኤች (የአሲዳማነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) ከ5.5 በታች ሲወርድ በአፈሩ ማዕድናት ውስጥ ታስሮ የኖረው አልሙኒየም ይሟሟና የሰብሉን የሥር ጫፍ ይጎዳል፤ ሥሩ በአጭሩ ስለሚቀርም ተክሉ ከታችኛው አፈር ውኃና ምግብ መሳብ ይሳነዋል። ገበሬው በውድ ዋጋ ገዝቶ የጨመረው ፎስፈረስ ደግሞ ከአልሙኒየምና ከብረት ጋር ስለሚጣበቅ አብዛኛው ለሰብሉ ሳይደርስ አፈር ውስጥ ይቀራል። በእንዲህ ያለ ማሳ ላይ ማዳበሪያ መደራረብ ገንዘብን ከመቅበር አይለይም።

«አሲዱን ያመጣው ዩሪያ ነው።»

ዩሪያ ወደ ናይትሬት ሲለወጥ አሲድ እንደሚፈጠር እውነት ነው፤ ነገር ግን ድርሻው ሂደቱን ማፋጠን ነው። ዩሪያ ወደ አገራችን ከመግባቱ ከብዙ ዘመን በፊት ጀምሮ ካልሲየምንና ማግኒዚየምን ከአፈሩ እያጠበ የወሰደው ዝናብ ነው። ገለባውም ፍጉም ከማሳው ተነሥቶ ለከብት መኖና ለማገዶ ሲውል የሄደው ማዕድን አይተካም።

«ቀይ አፈር ሁሉ አሲዳማ ነው።»

ቅላቱ የሚመጣው ከብረት ኦክሳይድ ነው፤ አሲዳማነቱን የሚለየው ቀለሙ ሳይሆን የአፈር ምርመራ ነው።

«ኖራ የማዳበሪያ ምትክ ስለሆነ በየዓመቱ መበተን አለበት።»

የግብርና ኖራ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ሲሆን፣ አሲዱን ያረግባል እንጂ ናይትሮጅንም ፎስፈረስም አይሰጥም። እንደ አፈሩ ሁኔታ ለአንድ ሄክታር ከ20 እስከ 40 ኩንታል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያስፈልጋል፤ ከመዝራት አንድ ወር ያህል አስቀድሞ በእርሻ ከአፈሩ ጋር ከተደባለቀ ውጤቱ ለተወሰኑ ዓመታት ይቆያል። ከሚገባው በላይ ሲበዛ ግን ሰብሉ ዚንክና ማንጋኒዝ እንዲያጣ ያደርጋል። በእኔ ግምት ከገበሬው እምቢታ ይልቅ ትልቁ እንቅፋት ይህን ሁሉ ኩንታል እስከ ማሳው ማጓጓዙ ነው። የምድጃ አመድም አሲድ ያረግባል፤ ከጓሮ አልፎ ለሄክታር የሚበቃ አመድ ግን የትኛውም ቤት የለውም።

«ኖራ ካልተገኘ መሬቱ ከንቱ ነው።»

ገብስ በአሲዳማ አፈር ክፉኛ ሲጎዳ ድንች በአንጻሩ ይቋቋማል። በአዊ ዞን ፋግታ ለኮማ ወረዳ ብዙ ገበሬዎች ምርት በከዳቸው ማሳ ላይ ዲከረንስ የተባለውን ግራር ተክለው፣ በመጀመሪያው ዓመት ጤፍ በመካከሉ እየዘሩ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከሰል አክስለው በመሸጥ ጥሩ ገቢ አግኝተዋል። ይሁን እንጂ በቅርብ ዓመታት የዋግ በሽታ በአካባቢው ያለውን ዲከረንስ ስላጠቃው፣ ዛፉን ብቸኛ አማራጭ ያደረጉት ዳግም ወደ ኖራውና ወደ ሰብሉ እንዲመለከቱ ተገደዋል።