«ቀጭኑ ጅል ነው» ለምትሉ

«ዘ ፍላይንግ ዱሲዝ» የተባለውን የኮሜዲ ጥንዶቹን የሎሬልና የሃርዲን ፊልም ላላየ ባጭሩ ልንገረው። ወፍራሙ ሃርዲ ፓሪስ ውስጥ አንዲት ልጅ ይወዳል። ለካ ባለትዳር ናት። እሷን ለመርሳት ብሎ ቀጭኑን ሎሬልን አስከትሎ የፈረንሳይ የውጭ ዜጎች ጦር፣ ሌጌዮን ውስጥ ይገባል። በረሃ ላይ የሚጠብቃቸው ጀግንነት ሳይሆን ተራራ የሚያህል የሚታጠብ ልብስ ነው። የ1939 ፊልም ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። በዙሪያው የሚወራው ወሬ ግን ሰልችቶኛል።

«ሰሃራ ሄደው ነው የቀረጹት።» ካሊፎርኒያ ነው።

«ሌጌዮን የፊልም ፈጠራ ነው።» ንጉሥ ሉዊ ፊሊፕ በ1831 ያቋቋመው፣ ዛሬም ያለ ጦር ነው። የበረሃ ጦር ብቻም አይደለም፤ ሜክሲኮም ኢንዶቻይናም ተዋግቷል። ሩቅ ሳንሄድ፣ በ1941 ኤርትራ ውስጥ ጣሊያንን የወጋው የሌጌዮኑ ክፍል፣ 13ኛው ዴሚ ብርጌድ (ግማሽ ብርጌድ)፣ ከ1962 እስከ 2011 ጎረቤታችን ጅቡቲ ነበር።

«የ1931ዱ ፊልማቸው ድጋሚ ነው።» በዚያኛውም ሌጌዮን ይገባሉ፣ ታሪኩ ግን ሌላ ነው።

«ፕሮዲውሰሩ ሃል ሮች ነው።» ሃል ሮች የብዙዎቹ ሌሎች ፊልሞቻቸው ፕሮዲውሰር ነው፤ የዚህኛው ቦሪስ ሞሮስ ነው። ለሶቪየት ሲሰልል ቆይቶ ኋላ ለኤፍቢአይ የሠራ ሰው! ስለሱ ሌላ ጊዜ።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። «ቀጭኑ የእውነት ጅል ነው፤ ሥራውን የሚመራው ወፍራሙ ነው።» ፊልም እንሠራለን የሚሉ ልጆች ሳይቀሩ ይህን ይሉኛል። እኔ ኤዲተር ነኝ፤ ስሰማው ያመኛል።

ስክሪኑ ላይ ሃርዲ ያዝዛል፣ ሎሬል ጭንቅላቱን እያከከ ያለቅሳል። ከካሜራው ጀርባ ግን የተገላቢጦሽ ነበር። ቀልዱን የሚፈጥረው፣ ኤዲቲንግ ክፍል ገብቶ የሚያመሸው ሎሬል ነው። ሃርዲ ቀረጻ ሲያልቅ ወደ ጎልፉ ይሄዳል። አይፈረድበትም፣ የሱን ድርሻ ጨርሷል። ሎሬል እኮ በእንግሊዙ ፍሬድ ካርኖ የቴአትር ቡድን ውስጥ የቻርሊ ቻፕሊን ተጠባባቂ ተዋናይ የነበረ ሰው ነው። አሜሪካም በ1910 አብረው ነው የገቡት። ጅል መምሰል ስንት ሥራ እንዳለው የሚያውቀው የሞከረው ነው።

«ዘ ፍላይንግ ዱሲዝ» ውስጥ የወህኒ ቤቱን ቦታ ልብ ብላችሁ እዩት። ከጦሩ ከድታችኋል ተብለው ሊረሸኑ ነው። ሎሬል የአልጋውን ሽቦ እንደ በገና ይደረድራል። ደግሞ በደንብ ነው የሚደረድረው! ጣቶቹ አይቸኩሉም። ሞት የተፈረደበት ሰው አይመስልም።

«አዎ፣ ግን ፊልሙ ይንቀራፈፋል» ትሉኛላችሁ። አውቄዋለሁ። ሁለቱ ሃል ሮች ስቱዲዮ ሳሉ ፊልሞቻቸው ሳይወጡ ለተመልካች በሙከራ ይታዩ ነበር። ሰዉ የት እንደሳቀ፣ ሳቁ ምን ያህል እንደቆየ ይታያል። ከዚያ ሎሬል ተመልሶ ይቆርጣል፣ ይቀጥላል። ሳቁ ቀጣዩን ንግግር እንዳይውጠው ቦታ ይተውለታል። ሃርዲ ካሜራውን ትክ ብሎ የሚያየው እዚያ ጋ ነው። ብቻችሁን በስልክ ስታዩት ያ ቦታ ባዶ ይመስላችኋል። የተተወው ግን አዳራሽ ሙሉ ሰው እንዲስቅበት ነው።

አንድ ደንበኛ ኮሜዲ አምጥቶ «ዝምታውን በሙሉ አውጣልኝ፣ ፈጠን ይበል» አለኝ። ብሩ የሱ ነው፣ አወጣሁለት። ፊልሙ ሲመረቅ ሰዉ በመጀመሪያው ቀልድ ሳቀ። ሁለተኛው ሳቁ ውስጥ ሰጠመ። ሦስተኛውን የሰማው የለም። ከዚያ «ድምጹን አበላሸህብኝ» ብሎ የመጣው እኔ ጋ ነው።

«ዘ ፍላይንግ ዱሲዝ» አሜሪካ ውስጥ የቅጂ መብት ስለሌለበት ኢንተርኔት ላይ በነፃ ሞልቷል። ቀለም የተቀባውን ተዉት፤ ጥቁርና ነጩን ፈልጉ። ኮሜዲ የምትሠሩ ደግሞ ከመጨረሳችሁ በፊት ሥራችሁን ለማያውቃችሁ ሰው አሳዩ። ስታሳዩ ስክሪኑን ሳይሆን ሰዎቹን እዩ። የሳቁበትን ደቂቃ ጻፉ። ከዚያ በኋላ ነው መቀሱ።