የከተማ ምክር ቤት አባል ሥራው ምንድን ነው?

ጅማ ዝናቧ ብዙ ነው። ሰፈራችሁ ያለው የውኃ መውረጃ ቦይ ተደፍኖ ጎርፍ ደጃችሁ ቢገባ ማን ዘንድ ትሄዳላችሁ? ብዙ ሰው ምክር ቤቱንና ከንቲባውን አንድ አድርጎ ያያል። አይደሉም።

የምክር ቤት አባል የሕዝብ ተወካይ ነው። መምህር ወይም ነጋዴ ሊሆን ይችላል። ቦይ አያስጠርግም፤ ካርታ ላይም አይፈርምም። ያ የከንቲባውና የጽሕፈት ቤቶቹ ሥራ ነው። የአባሉ ትልቁ ጉልበት በጀት ላይ ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ በጀቱን የሚያጸድቀው ደግሞ ምክር ቤቱ ነው። ስለዚህ የቦዩን ነገር ከዚያ ቀደም ብላችሁ ለአባሉ ንገሩት። ከንቲባውን በጉባኤ ፊት የመጠየቅ ሥልጣንም አለው። ዝም ብሎ እጅ ብቻ የሚያወጣ አባል ሳይ ያንገበግበኛል።

የምክር ቤቱን ስብሰባ የሚመራው አፈ ጉባኤው ነው። እምነት ያጣችሁበትን ተወካይስ? በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 መሠረት መራጩ ሕዝብ ከቦታው ሊያነሳው ይችላል።