አድሚራል ዊሊያም ሂዌት (1834–1888)

ሰር ዊሊያም ናታን ራይት ሂዌት በአገራችን ስሙ የሚነሣው ከአፄ ዮሐንስ ጋር ከተፈረመው ከአድዋ ውል ጋር ብቻ ነው። ወደ አድዋ ሲላክ ግን በብሪታኒያ ባሕር ኃይል ውስጥ አንቱ የተባለ የጦር ሰው ነበር። (ከአንድ ቀን በቀር ዘመኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

የተወለደው ብራይተን ነው። በክራይሚያ ጦርነት፣ በኦክቶበር 1854፣ በሴባስቶፖል ከበባ የሃያ ዓመቱ ሂዌት አንድ ከባድ መድፍ ያዝዝ ነበር። ሩሲያውያን ሲቀርቡ መድፉን ከጥቅም ውጭ አድርጎ እንዲያፈገፍግ የሚል ቃል ደረሰው። ትእዛዙ ከአለቃው ከካፒቴን ላሺንግተን አልመጣም ብሎ እምቢ አለ፤ የምሽጉን ግንብ አፍርሶ አፈሙዙን ወደ አጥቂዎቹ አዞረና መለሳቸው። ለዚህም የብሪታኒያን ከፍተኛ የጀግንነት ሽልማት፣ የቪክቶሪያ መስቀልን፣ ተሸለመ። በ1873–74 በአሻንቲ (በዛሬዋ ጋና) ዘመቻ የባሕር ኃይሉን መራ፤ በ1882 የምሥራቅ ሕንድ የጦር መርከቦች ጓድ አዛዥ ሆኖ የግብፅን ወደብ ስዊዝን ያዘ።

በ1884 መጀመሪያ በሱዳን በግብፅ አገዛዝ ላይ ያመፁት የመሐዲ ተከታዮች፣ የመሐዲስቶች፣ ኃይል ሲበረታ የቀይ ባሕር ወደብ የሱዋኪን አስተዳደር በእጁ ገባ። የግብፅ ጦር ሰፈሮች በሱዳን ምሥራቅ ተከበው ስለነበር፣ መውጫው በኢትዮጵያ በኩል ብቻ መሆኑን ለንደንና ካይሮ ተረዱ። ጉንደትና ጉራ ላይ የግብፅን ጦር ደጋግመው የደመሰሱትን አፄ ዮሐንስን ለመማለድ ሂዌት ተላከ። ንጉሠ ነገሥቱ እስኪደርሱ አድዋ ላይ ሳምንታት ጠበቀ። ውሉ ግንቦት 27 ቀን 1876 ዓ.ም. ተፈረመ። በውሉ መሠረት ግብፅ በ1872 የወሰደችው ቦጎስ (የከረን አካባቢ) ለኢትዮጵያ ይመለሳል፤ በምጽዋ በኩል የጦር መሣሪያ ጭምር በብሪታኒያ ጥበቃ ያለ ቀረጥ ያልፋል፤ ጳጳስ ለማስመጣት የግብፅ ገዥ ኬዲቩ ያመቻቻል፤ ንጉሠ ነገሥቱም የተከበቡትን ያስወጣሉ።

ኢትዮጵያ ቃሏን ጠበቀች። የሰንሂት፣ የአመዲብና የገላባት ወታደሮች ወጡ። የሱዳኗ ከሰላ ቀድማ በመሐዲስቶች እጅ ብትወድቅም፣ ጀግናው ራስ አሉላ በሴፕቴምበር 1885 ኩፊት ላይ የመሐዲስቶቹን የጦር መሪ የዑስማን ዲግናን ሠራዊት ድል መቱ። ብሪታኒያ ግን ውሉ ዓመት ሳይሞላው፣ በፌብሩዋሪ 1885፣ ጣሊያን ምጽዋን ስትይዝ ዝም አለች፤ ዝምታው ክህደት ነበር። ሂዌት ራሱ ሲፈርም ይህን ያውቅ ነበር ለማለት ያስቸግራል፤ ጣሊያንን የጋበዙት የለንደን ሹማምንት ናቸው የሚለው ሚዛን ይደፋል።

ሂዌት በኋላ የቻናል የጦር መርከቦች ጓድን አዘዘ። በሜይ 1888 በሃስላር የባሕር ኃይል ሆስፒታል ሞተ። ውሉ ካባባሰው የመሐዲስቶች ጠብ የተነሣ አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ የወደቁት ከዚያ አሥር ወር በኋላ ነው።