ክሮስ ሬት ምንድን ነው? የብርና የሺሊንግ ግራፍ ሲነበብ

«ደርግ ሲወድቅ አንድ ብር 13 የኬንያ ሺሊንግ ያወጣ ነበር፤ አሁን አንድ ለአንድ ሊሆን ምንም አልቀረው። ጎረቤት ጥሎን ሄደ!» የሚል ትንተና እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ከነግራፉ ደጋግሞ ሲዞር ነበር። ከቁጥሮቹ ጋር ጠብ የለኝም። እ.ኤ.አ. በ1991 ዶላር በይፋ 2.07 ብር ነበር፤ ኬንያ ውስጥ ደግሞ በአማካይ 27.5 ሺሊንግ ገደማ። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው ስናካፍል 13 ይመጣል። ችግሩ ተንታኙ ይህን ቁጥር ሁለቱ ገንዘቦች ገበያ ላይ ተገናኝተው የቆረጡት ዋጋ አድርጎ ማንበቡ ነው።

ክሮስ ሬት በቀጥታ ግብይት የተገኘ ሳይሆን በሦስተኛ ገንዘብ፣ አብዛኛውን ጊዜ በዶላር፣ በኩል የተሰላ ምንዛሪ ነው። ብርና ሺሊንግ ባንክ ለባንክ የሚገበያዩበት ይህ ነው የሚባል ገበያ የለም። ሞያሌ ላይ ጥሬ ብርና ጥሬ ሺሊንግ ከእጅ ወደ እጅ ይመነዘራል፤ ግራፉ ላይ ያለው ግን የሞያሌ ዋጋ አይደለም። ናይሮቢ ላይ ዶላር ስንት ሺሊንግ ዋለ፣ አዲስ አበባ ላይ ስንት ብር ዋለ፣ ማካፈል፣ በቃ።

ዶላርን አስተርጓሚ አድርጋችሁ ውሰዱት። ብርና ሺሊንግ ቋንቋ ለቋንቋ አይግባቡም፤ የአንዱን ቃል ለሌላው የሚያደርሰው እሱ ነው። ወሬው ድንገት ሲለወጥ ታዲያ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ከሁለቱ ማን እንደተናገረ ነው። ግራፉ ይህን አይነግርም።

እ.ኤ.አ. 2023ን እንይ። ዓመቱ ሲገባ ዶላር 123 ሺሊንግና 53.5 ብር አካባቢ ስለነበር አንድ ብር 2.3 ሺሊንግ ነው። ዓመቱ ሲያልቅ 157 ሺሊንግና 56 ብር ደረሰ፤ አንድ ብር 2.8 ሺሊንግ ሆነ። እንደ ግራፉ ከሆነ ብር በአንድ ዓመት ከ20 በመቶ በላይ «ጠነከረ»። በዚያ ዓመት ብር ጠነከረ ብሎ የሚምል አስመጪ ካለ ይቅረብ! ብር በዶላር ላይ 5 በመቶ ገደማ ተዳክሟል፤ ሺሊንግ የባሰ ወደቀ እንጂ። በፌብሩዋሪ 2024 ኬንያ የ1.5 ቢሊዮን ዶላር ዩሮቦንድ (በውጭ ገበያ በዶላር የሚሸጥ የመንግሥት የብድር ሰነድ) ሸጣ፣ ጁን ላይ ከሚደርስባት የ2 ቢሊዮን ዶላር ዕዳ አብዛኛውን ቀድማ ስትገዛ፣ 160 ደርሶ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ወደ 130 ሺሊንግ አካባቢ ወረደ። ክሮስ ሬቱም ወደ 2.3 ተመለሰ። ብር ከቦታው ፈቀቅ አላለም፤ ግራፉ ላይ ግን «ወደቀ»።

ብር ራሱ የተናገረው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲፈቅድ፣ በንግድ ባንክ 57.5 አካባቢ የነበረው የዶላር መግዣ በዚያው ዕለት 74.7 ብር ሆነ። በዲሴምበር 2024 ደግሞ 125 ገደማ ደርሷል። ሺሊንግ በዚያ ሁሉ ጊዜ 130 አካባቢ ቆሞ ነበርና ክሮስ ሬቱ ከ2.3 ወደ 1 ተጠግቷል።

ከዚያ በፊትስ? ብር ተጽፎ የተሰጠውን ወረቀት፣ ማለትም በይፋ የተወሰነለትን ዋጋ፣ ነበር የሚያነበው። አስተርጓሚው የቱንም ያህል ታማኝ ቢሆን የተረጎመው ወረቀቱን ነው። ከለውጡ በፊት በጥቁር ገበያ ዶላር ከ100 ብር በላይ ይሸጥ ስለነበር፣ በዚያ ዋጋ ቢሰላ አንድ ብር ከ1.3 ሺሊንግ አይበልጥም። ከግራፉ ገደል ትልቁ ክፍል እንግዲህ ሐምሌ ውስጥ የተፈጠረ ሳይሆን ሐምሌ ውስጥ የታየ ነው። የደርጉ 13ም ከዚህ አይለይም። ብር እ.ኤ.አ. ከ1973 እስከ 1992 በ2.07 ተቸንክሮ ስለቆየ የእነዚያ ዓመታት የብርና የሺሊንግ ግራፍ የሺሊንግና የዶላር ግራፍ ነው፣ ለ2.07 የተካፈለ። በኦክቶበር 1992 ዶላር 5 ብር ሲባል ክሮስ ሬቱ በአንድ ጊዜ ከግማሽ በታች ሆነ።

ደረጃውን ማወዳደር ደግሞ ጭራሽ ትርጉም የለውም። አንድ ብር 13 ሺሊንግ ሆነ 1 ሺሊንግ፣ የየአገሩ የዋጋ ንረት አብሮ ካልተሰላ የማን ኢኮኖሚ እንደበለጠ አይናገርም።

ለክፍያ የሚያሰላ ሰው መግዣና መሸጫን፣ ማለትም ባንኩ ዶላር የሚገዛበትንና የሚሸጥበትን ዋጋ፣ ይለይ። ዶላር አዲስ አበባ ላይ መግዣው 74.74፣ መሸጫው 76.23 ብር ቢሆን፣ ናይሮቢ ላይ ደግሞ መግዣው 130፣ መሸጫው 132 ሺሊንግ ቢሆን፣ ሺሊንግ ይዞ ብር የሚፈልግ በ132 ሺሊንግ አንድ ዶላር ይገዛና በ74.74 ብር ይሸጣል፤ ለአንድ ሺሊንግ 0.566 ብር ያገኛል። ብር ይዞ ሺሊንግ የሚፈልግ ግን በ76.23 ገዝቶ በ130 ይሸጣል፤ አንዱ ሺሊንግ 0.586 ብር ይፈጅበታል። አስተርጓሚው ከሁለቱም ወገን አበል ይቀበላል፤ ልዩነቱ 3.5 በመቶ ገደማ ነው። በግራፉ የመሐል ዋጋ (በመግዣና በመሸጫ መካከል ባለው) ኮንትራት የፈረመ ሰው የሚጎድለው እዚህ ላይ ነው።

መቶኛም ይታሰብበት። ዶላር ከ57.5 ወደ 115 ብር ሲሄድ ዶላር 100 በመቶ ጨመረ፣ ብር 50 በመቶ ቀነሰ። «ብር 100 በመቶ ወደቀ» ማለት ብር ዜሮ ገባ ማለት ነው፤ ይህን በጋዜጣዊ መግለጫ የሚናገሩም አሉ።

ከሁሉ የሚያናድደው ግን የዘመን አቆጣጠር ስህተት ነው። የኢትዮጵያን የ2016 በጀት ዓመት አማካይ (56 ብር አካባቢ) ወስዶ ከኬንያ የ2016 እ.ኤ.አ. አማካይ (101 ሺሊንግ አካባቢ) ጋር ማካፈል! ውጤቱ 1.8 ይሆናል፤ የዚያ የኢትዮጵያ በጀት ዓመት ትክክለኛ ክሮስ ሬት ግን 2.5 ገደማ ነበር። የበጀት ዓመታችን መዝጊያ ሰኔ 30፣ ማለትም ጁላይ 7፣ የኬንያ ደግሞ ጁን 30 መሆኑ የሚያመጣው የሰባት ቀን ልዩነት ለዓመታዊ አማካይ ከቁጥር አይገባም።